ከፑሉ እግር ሥር የወጣች እንጨት

ባለፈው ወር ወንድሜ ከድር ሰመራ ላይ አዲስ ቤት ገባና የአባታችንን ፑል ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ካላጓጓዝኩ አለ። ተከራከርኩት። አሮጌ ዕቃ ከቦታው ሲነሳ አልወድም፤ የምፈራው አቧራውን ሳይሆን ከሥሩ የሚወጣውን ነው። አልሰማኝም። አራት ጎረምሶች ጨርቁን ገፈው፣ ሦስቱን የድንጋይ ገበታ አንድ በአንድ አውጥተው እግሮቹን ሲያነሱ፣ በመንገድ በኩል ካለው እግር ሥር ዘይት የጠጣች፣ የብስኩት ውፍረት ያላት ጥቁር እንጨት ወጣች። ሁለት የብሎን ቀዳዳ አላት። ከድር በጫማው ገፋ አደረጋት። እኔ ግን ወዲያው አወቅኋት። በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ ትቃጠል ብዬ የእናቴ ማገዶ ክምር ላይ የጣልኳት እኔ ነበርኩ።

ልጅ እያለሁ አባቴ የሸሚንደፈር ሰው ነበር፤ ትልልቆቹ ባቡሩን በፈረንሳይኛው እንዲያ ነበር የሚጠሩት። ከአዋሽ ወንዝ ገደል በላይ ያለውን ሃዲድ የሚጠብቁት ሠራተኞች አለቃ ነው። ቤታችን ከጣቢያው አጥር ጋር ተጣብቆ ስለነበር ልብሳችንም፣ ዳቧችንም ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። እኛ ልጆች ቆርኪ ሃዲዱ ላይ አስቀምጠን፣ ባቡሩ ሲደፈጥጥልን እንደጋለ አንስተን፣ በስተን፣ ክር አስገብተን እናሽከረክር ነበር። አባቴ ሲይዘን ይቆነጥጠናል። ከዚያ ሁለት ጫፉ እግር ያለውን፣ መሐሉ ላይ ውሃ ልክ የተገጠመለትን ረጅም የእንጨት ዘንጉን በሁለቱ ሃዲዶች ላይ ያጋድምና የውሃውን አረፋ ያሳየናል። «ዓይን ይሉኝታ አለው፤ ውሃ ግን ይሉኝታ የለውም» ይለን ነበር።

ጡረታ ሲወጣ የጣቢያውን ቤት ለቅቀን አስፋልት ዳር ኪራይ ቤት ገባን። አባቴ መቀመጥ አቃተው። ጠዋት ኮፍያውን አድርጎ ወደ ጣቢያው ይሄዳል፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ያቃናል፣ ፊሽካ ሲሰማ ብድግ ይላል፣ መልሶ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሳል። ቤቱ ጠባብ ስለነበር እሱ በተነሳ ቁጥር ሁላችንም መነሳት ነበረብን። እናቴ ሰው ሥራ ሲያጣ እንደሚሞት ከልቧ ታምን ነበርና በዓይኗ ስትከተለው ትውል ነበር። የጣቢያው ክበብ ሲዘጋ ፑሉ ለአባቴ መሸኛ ተሰጠው። ለእናቴ ፑል ማለት ቁማር ነው፤ ያም ሆኖ የአባቴ እግር ይረፍ ብላ ፈቀደች። በእኔ ስም እየጠራችው፣ በአንድ ቃል ብቻ፦ «የዘሐራ አባት፣ ጠብ የሰማሁ ዕለት በመጥረቢያ ነው የምፈልጠው። ወላሂ።»

አባቴ ጠረጴዛውን አስፋልቱን በሚያየው አፈር በረንዳችን ላይ ሲያስተካክል ሁለት ቀን ፈጀበት። ጎረቤታችን ግንበኛው የራሱን ውሃ ልክ ቢያመጣለት በትህትና መልሶ ሰጠው። ከጣቢያው ይዞት የወጣውን ዘንግ ገበታው ላይ እያጋደመ፣ ከእግሮቹ ሥር ሽብልቅ እየከተተ፣ እየነቀለ፣ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። እኔ ሻማ እያቀለጥኩ በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ላይ አፈስለት ነበር፤ የሰሙ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አረፋዋ መሐል ስትቆም «አልሃምዱሊላህ» አለና እጁን ታጠበ። ኳስ አንከባልሎ አልሞከረውም። ሠላሳ ዓመት ባቡር ያሳለፈ ዘንግ በኳስ አይፈተንም።

ከአስር ሶላት በኋላ የሸሚንደፈር ጡረተኞች መጡ። የመጀመሪያውን የመታው የቲኬት ክፍሉ ጋሽ ገብሬ ነበር። ኳሷ ወደ ጥጉ ቀዳዳ በቀጥታ ስትሄድ ቆይታ መሐል ላይ ሐሳቧን ቀየረችና ወደ አስፋልቱ በኩል ታጠፈች። ጋሽ ገብሬ ኳሷን አየ፣ አባቴን አየ። «እጄ አርጅቷል» አለ። ተከታዩ ሳተ፤ እሱ ደግሞ መነጽሩን ረስቶ ነው። በሳምንቱ ሁሉም ወደ ግድግዳው በኩል አንድ ጣት ፈንጠር አድርገው ማነጣጠር ለመዱ። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። የኔ ትውልድ ጸሐፊ ይሉኝታን የመርገም ግዴታ አለበት፤ እኔም ሦስቴ በጽሑፍ ረግሜዋለሁ። እነዚያ ሽማግሌዎች ግን አንድ ጓደኛቸው እንዳያፍር ብለው እጃቸውን እንደ አዲስ አስተማሩት። ከረገምኩት ውስጥ ይህንን መቀነስ እፈልጋለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ተፈራ መጣ። በገላፊ ኬላ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለስ የተሳቢ ሾፌር ነው፤ ምሳ በልቶ ጎማው እስኪቀዘቅዝ ይጫወታል። ሁለት ጊዜ ሳተ። ከዚያ ስቲኩን ጥሎ አንዲት ኳስ መሐል ላይ አስቀምጦ ለቀቃት። ቀስ እያለች ወደ አስፋልቱ በኩል ወረደች። ሁላችንም በዓይናችን ሸኘናት።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ ፑልዎ መንጃ ፈቃድ አለው? ጅቡቲ ሊገባ እኮ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ባቡር ያለፈበት ልክ ነው» አለ አባቴ።

«ባቡሩ ይለፍበት። ኳሷ ናት እንቢ ያለችው።»

ረዳቱ ሳቀ። ከሽማግሌዎቹ አንድም አልሳቀም። አባቴ ስቲኩን አንስቶ «ውጣ» አለው። ተፈራም እልኸኛ ነውና ቃል መለሰ፤ ጩኸቱ በረታ፣ በርጩማ ተገለበጠ። እናቴ ከማድቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ማገዶ ወደሚከመርበት ጥግ አየችና «ነገ ጠዋት» አለች።

መግሪብ ላይ አባቴ ሰግዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። ከጡረታው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነሳ ቆየ፤ ከመንጎራደዱ ይልቅ ይሄ አስፈራኝ። ውሃው ዋሽቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ዘንጉን አንስቼ ስዳብሰው፣ ከአንዱ እግሩ ሥር ጣቴ ጠርዝ ነካ። ያቺ እንጨት ናት። ኩርባ ላይ ባቡሩ እንዳይገለበጥ የውጪው ሃዲድ ከውስጠኛው ከፍ ይላል፤ ለዚያ ልኬት በዘንጉ እግር ላይ እንጨት በብሎን እንደሚታሰር ያስተማረኝ ራሱ ነው። የመጨረሻ ዓመቶቹን ገደሉ አጠገብ ባለው ኩርባ ላይ ስለሠራ እንጨቷን ሳይፈታ ጡረታ ወጥቷል። ፑላችን በኩርባ ልክ ተስተካክሎ ነበር። ባቡር ቢያልፍበት በደህና ይታጠፍ ነበር።

አባቴን በገዛ ሙያው ተሳሳትክ የምለው በየትኛው አፌ ነው? በቢላዋ ጫፍ ብሎኖቹን ፈታሁና እንጨቷን ማገዶው ላይ ጣልኳት። በማግስቱ ማለዳ «አባባ፣ መሬቱ ሰጥሞ እንደሆነ እስቲ ድገመው» አልኩት። ረጅም ጊዜ አየኝ። ዘንጉን ሲያጋድም አረፋዋ ከመሐል ሸሸች።

«ሰጥሟል» አለ። «የኪራይ ቤት መሬት።»

እናቴ መጥረቢያውን ይዛ መጥታ ነበር። «መሬት ከሆነማ ማን ይጣላል» ብላ ተመለሰች። አባቴ ሽብልቅ ሊፈልግ ወደ ማገዶው ሄደ፤ ከቀትር በፊት ጨረሰ። ሽማግሌዎቹ ጠማማውን ለምደው ስለነበር አንድ ሳምንት ሙሉ ቀጥ ባለው ጠረጴዛ ሲስቱ ሰነበቱ። ተፈራ ከጅቡቲ ሲመለስ አንድ ሳጥን የስቲክ ቾክ ይዞ መጣ፤ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ «መሬቱ ተስማማው?» አለ። «አብሽር» አለው አባቴ። ከዚያ እስኪሞት ድረስ በየጁምዓው ፑሉን ይለካ ነበር፤ መሬቱ እንደሆነ መስጠሙን አይተውም። እግሩም በዚያው አረፈ።

አርባ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ አባቴን ያዳንኩት እኔ ነኝ ብዬ ስኖር ነበር። እንጨቷ ግን ከጎደለው እግር ሥር ወጣች፤ ለስህተቱ ልኳ ራሷ ነበረችና እዚያው ከተታት። ማን እንደፈታትም አውቋል ማለት ነው። አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም።

ሰመራ ላይ የከድር ወለል ሴራሚክ ነው። የስልኩን ውሃ ልክ ከፍቶ ገበታው ላይ አስቀምጦ በአንድ ደቂቃ «ዜሮ ነው» አለ። እንጨቷን ዘረጋሁለት። «ለምኑ? ወለሉ ልክ ነው እኮ።» አንድ ጓደኛው ገባና ጨርቁ አርጅቷል፣ የጠርዙ ላስቲክም ሞቷል ብሎ እውነቱን ፊት ለፊት ተናግሮ፣ ሳይጫወት ስልኩን እያየ ወጣ። ዛሬ ሁሉም ውሃ ልክ በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ልኩን ነግሮህ ይሄዳል፤ እንዳታፍር ብሎ እጁን የሚያጣምምልህ ግን የለም። እንጨቷን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኳት።

ከድር አንዲት ኳስ መሐል ላይ አስቀምጦ ለቀቃት። የትም አልሄደችም። ሁለታችንም እንደ ልጅነታችን ወደ አስፋልቱ በኩል እስክትወርድ ስንጠብቅ ቆየን።