በግርማ ላይ የላክሁት ቴሌግራም

ከናዝሬት ወደ ቦሌ፣ ጠዋት

መሥሪያ ቤቴ ለስድስት ወር የአመራር ልምምድ ቡልጋሪያ እንድሄድ ሲመርጠኝ ደስታዬ አንድ ቀን አልሞላም። ዋስ አምጪ ተባልኩ። የወለንጪቲው አጎቴ ጋሼ ቶላ ፈረሙልኝ፤ ካልተመለስኩ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። አውቶቡስ ተራ ሸኙኝና እጄን ያዙ።

«ነጋን ገሊ ልጄ፣ በሰላም ግቢ። እኔ እንደሆንኩ እስር ቤት የሚችል ወገብ የለኝም» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሞጆ ላይ አምስት ብርቱካን በሃምሳ ሳንቲም ገዛሁ፤ አንዱንም ሳልልጥ ቦሌ ደረስኩ።

ቡልጋሪያ፣ የመጀመሪያው ወር

የተመደብንባት ከተማ ከሶፊያ በባቡር ሦስት ሰዓት ትርቃለች፤ ዙሪያዋ ሁሉ ወይን ነው። ሦስት ነን፦ እኔ፣ የናዝሬቱ ታደሰና ከዓለም ጤና ከተማ የመጣው የመስኖ ባለሙያ ግርማ። ቡድን መሪዋ እኔ። ጠዋት ዳቦና እርጎ፣ ማታ ሾርባ። ሰኞ ሰኞ በማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ እመራለሁ። አለቃችን ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ብርጭቆ ውሃ ያስጠጉልኛል። በወሩ መጨረሻ ያለ ወረቀት መምራት ቻልኩ። መሪ የሆንኩ መሰለኝ፣ እኔ የዋህ!

እሁድ

ግርማ ቅዳሜ ጠዋት እንደወጣ አልተመለሰም። የክፍሉን በር ባንኳኳ መልስ የለም።

«ሸሽቷል» አለ ታደሰ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታሞ ቢሆንስ?»

«እሱን ለመርማሪ ትነግሪያለሽ። ዛሬውኑ ካላሳወቅሽ አንቺም ተባባሪ ነሽ።»

ጋሼ ቶላ ዓይኔ ላይ ድቅን አሉብኝ። ፖስታ ቤት ሮጬ ሶፊያ ላለው ተጠሪያችን «ጓድ ግርማ ተሰውሯል» የሚል ቴሌግራም ላክሁ።

ከሰዓት በኋላ ግርማ ከች አለ፤ ጉንጩ አብጦ፣ በሻርፕ ታስሮ። ጥርሱን አሞት ጎረቤት ከተማ ሐኪም ጋ ሄዶ፣ ባቡር አምልጦት ጣቢያ አድሯል።

«ምነው? የሞተ ሰው አለ እንዴ?» አለን።

ሌላ ቴሌግራም ላክሁ፤ ማን ሰምቶኝ! በአራተኛው ቀን የተጠሪው ሰዎች ከሶፊያ መጥተው ወደ አገር ቤት ወሰዱት።

ዓለም ጤና

ስድስት ወሩ አልቆ ናዝሬት ገባሁ። ጋሼ ቶላ አቅፈው ሳሙኝ፤ ደስ ብሏቸዋል፣ እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። በማግስቱ ዓለም ጤና ሄድኩ። ግርማን ያገኘሁት የሰው ሽንኩርት ሲኮተኩት ነው። ሦስት ወር ታስሮ ተፈትቷል፤ ሥራውን አጥቷል፤ በጣም ከስቷል። እግሩ ላይ ወደቅኩ።

«ተነሺ፣ ሰው ያያል።»

«ፈርቼ ነው ግርማ።»

«ማን ያልፈራ አለ? በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም አደርገው ይሆናል።» መኮትኮቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ግን የክፍሌ ቁልፍ እኮ ታች ጠባቂዋ ጋ ነበር። ከፍተሽ ብታዪ ሻንጣዬም፣ ፓስፖርቴም፣ የልጆቼም ፎቶ አልጋው ላይ ነበሩ።»



በሳምንቱ መሥሪያ ቤቴ የተማርኩትን ለሠራተኛው እንዳካፍል ጠራኝ። ስብሰባ እንዴት እንደሚመራ አስረዳሁ፤ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ አጨበጨቡልኝ። የተማርኩት ግን ያልከፈትኩት በር ጋ ነበር። እሱን አልነገርኳቸውም፤ አሁንም ፈርቼ ነበር።