እሷ አይደለችም

እስካሁን ሳስበው ቆሽቴ ያርራል። ሁለት የሚወዱኝ ሰዎች፣ ሁለቱም ለእኔ ብለው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፊቴን እንደራሳቸው ዕቃ ተጠቀሙበት። አንዷ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። እትዬ ደግሞ ካዱት።

እትዬ የምላቸው እዚህ አሜሪካ፣ ዌስተርቪል በምትባል ከተማ ምድር ቤታቸውን ያከራዩኝ ሴት ናቸው። በዲቪ የመጣሁ ሰሞን ኤርፖርት ዊልቼር የመግፋቱን ሥራ ያስገቡኝም፣ መኪና መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ስድስት ዓመት ከማዕዳቸው በልቻለሁ፤ ዘመድ የለኝም ብዬ አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሌላ ቤተሰብ ነበረኝ። ድሮ ጎሚስታ በነበረ፣ ዛሬም ጎማ ጎማ በሚሸት አዳራሽ ውስጥ ስምንት ሆነን እንሰበሰባለን። ኩዊር ነን፤ ሴት ሆና ሴት የምትወድ፣ ወንድ ሆኖ ወንድ የሚወድ፣ ወንድም ሴትም አትበሉኝ የሚል። ገጣሚ አለ፣ ደናሽ አለ፣ የተሰበረ ሬዲዮ እየፈታ ሙዚቃ የሚሠራ አለ። አንድ ደንብ ነበረን። አንዱ ሥራውን ለሌላው ይሰጣል፤ ተቀባዩ በራሱ ሙያ ሌላ ነገር አድርጎ ይመልሰዋል፤ እስኪጨርስ ድረስ ባለቤቱ ትንፍሽ አይልም።

እኔ የሰጠሁት በአማርኛ ጽፌ ራሴው እየተንተባተብኩ ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩትን ግጥም ነው። አንዲት የወደድኳት ሴት ነበረች። ፖላሪስ የሚባለው የገበያ አዳራሽ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪና ላይ ተቀምጠን ኮሌታዬን ታስተካክልልኝ ነበር፤ ሐበሻ የሚመስል ሰው ባለፈ ቁጥር ግን እጇን ትሰበስባለች። ደናሹ ግጥሙን ወስዶ በሳምንቱ ሲመለስ እግሩን እንኳን አላነሳም። ቆሞ እጁን ብቻ ዘረጋ፣ ሰበሰበ፣ ዘረጋ፣ ሰበሰበ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሥራችንን ለሕዝብ በምናሳይበት ቅዳሜ እኔ ላነብ፣ እሱ ሊደንስ ተስማማን።

የለመንኩት አንድ ነገር ነበር፤ ፎቶዬ እንዳይወጣ። አስተባባሪያችን፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰፋች ሥዕል የምትሠራ አሜሪካዊት፣ እሺ ብላኝ ነበር። ከዚያ ምን እንደታያት እንጃ፣ ስስቅ ያነሳችኝን ፎቶ ፖስተር ላይ አድርጋ፣ ከሥሩ “ኩዊር ገጣሚዎችና አርቲስቶች” ብላ በእንግሊዝኛ ጽፋ፣ እንጀራና በርበሬ የምንገዛበት ሐበሻ ግሮሰሪ ድረስ ወስዳ ለጠፈችው። ባለሱቁ ሳያነብ ፈቀደላት፤ ከሚከራይ ክፍል ማስታወቂያና ከዕድር ስብሰባ ጥሪ መሀል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ተለጥፌ የሰማሁት ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። እትዬ ከሥራ ሲመለሱ ፖስተሩን እንደታጠፈ ከቦርሳቸው አውጥተው ኪችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

“ስቶሩ ውስጥ ሰው ቆሞ ፒክቸርሽን ያያል። ገንጥዬው መጣሁ” አሉ። “እሷ አይደለችም፣ የምትመስላት ናት ብዬ በእመቤቴ ስም ማልኩላቸው። አሁን ቅዳሜ አለመሄድ ነው። በቃ፣ አለቀ።”

“እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ።”

“አይደለሽም አልኩሽ!”

ምድር ቤት ወርጄ ለአስተባባሪያችን ኮል አደረግኩና ጮህኩባት። “ወገኖችሽ እንዲመጡልሽ ብዬ እኮ ነው፤ መደበቅ የለብሽም” አለችኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የእሷ እናት ሁለት መንገድ ተሻግራ ነው የምትኖረው፤ ለልጇ ብላ በረንዳዋ ላይ የእኛን የቀስተ ደመና ባንዲራ ሰቅላለች። መቼ እንደምደበቅና መቼ እንደምወጣ እሷ ናት የምትቆርጥልኝ? ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይቅርታዋ ውስጥ እንኳን ትንሽ ኩራት ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ዊልቼር እየገፋሁ ከራሴ ጋር ስጣላ ከረምኩ። ብሄድ እትዬ በሐሰት የማሉ ሆነው በሰው ፊት ይዋረዳሉ፤ ቤቴንም አጣለሁ። ብቀር ደግሞ የምትመስለኝ ሴት ኖራ እኔ ራሴ የለሁም ማለት ነው። ሰርቄ የተያዝኩ ይመስል!

ሄድኩ። እንደተናደድኩ አነበብኩት። ለፍቅር የተጻፈው ግጥም እርግማን መሰለ። ደናሹም እጁን ዘረጋ፤ ቁጣዬን ሲሰማ ግን መሰብሰቡን ተወውና እንደዘረጋ ቀረ። ተጨበጨበ። ከሐበሻ አንድም ሰው አልመጣም ነበር።

ቤት ስገባ እትዬ ምግቤን ከድነው እየጠበቁኝ ነው።

“አነበብሽ?”

“አነበብኩ።”

“ከእኛ ሰው ማን ነበረ?”

“ማንም።”

“ተመስገን!” አሉና በረዥሙ ተነፈሱ። “እንግዲያው አንቺ አይደለሽም።”

“እትዬ፣ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር በእውነት አያውቁም ነበር?”

“አላውቅም ያለሽ ማን ነው? ከመጣሽበት ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ። ዝም ማለት ማንን ገደለ?”

እያወቁ ነው እንግዲህ በየፋሲካው ባል የሚሆነኝ ሰው ሲጋብዙ የኖሩት!

“እኔን!” አልኩ። በዚያ ቤት ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። ልጃቸው ከፎቅ “ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?” ብላ ጮኸች። “ሲጠይቁዎት እሷ ናት ይበሏቸው።”

የምግቡን ክዳን አነሱና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

“አልችልም” አሉኝ።

በዚያው ወር ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ጋሃና የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ። ዕቃዬን እትዬ በራሳቸው መኪና ሦስት ጊዜ አመላለሱልኝ፤ ከራሳቸው ድስትና ብርድ ልብስ ጨምረው። ለምን እንደወጣሁ ሰው ሲጠይቃቸው፣ “ሥራዋ እንዲቀርባት ብላ ነው” ይላሉ አሉ። እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ እውነቱን ልናገር ቆርጬ ተነስቻለሁ። ልቅሶም ልደትም እሄዳለሁ፤ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ሥራ እንዴት ነው ይሉኛል፣ ያጎርሱኛል። እስካሁን የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።