የአባቴ ሰዓት ነፍስ

ነፍስ ባወቅሁ ሰሞን፣ በጃንሆይ ጊዜ መሆኑ ነው፣ ቢቸና ላይ የእጅ ሰዓት የሚያስር ሰው ብዙ አልነበረም። አባቴ ግን ነበረው፤ ከአያቴ የወረሰው፣ መስታወቱ የወየበ፣ ጠፍሩ ላብ ላብ የሚል አሮጌ ሰዓት። ጠዋት ጠዋት ሲሞላው ክርክር የሚለውን ድምፅ ለመስማት ጉልበቱ ሥር እሻጥ ነበር።

አንድ ክረምት ዝናብ ገባበትና ቆመ። ቢቸና የሚጠግን ስላልተገኘ አባቴ በመሐረብ ቋጥሮት፣ በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ ሄደ። ለገበያ ቀን እደርሳለሁ ብሎ ነበር። ገበያው ቆመ፣ ተበተነ፣ እሱ የለም። ዝናቡ አላባራም፤ ወንዙ ሞልቷል ይባላል። እናቴን መቀመጫ አሳጣት። እንዝርቷን ታነሣለች፣ መልሳ ትጥላለች፤ አጥሩ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። እኔም ቀሚሷን ይዤ በዚያ ጭቃ ወዲያ ወዲህ። ጎረቤታችን እማማ ጥሩ «ተይ፣ አታሟርቺ» ቢሏትም አልሰማችም።

በማግስቱ አያ በላይ፣ የሰፈራችን ቆዳ ነጋዴ፣ ከሞጣ ገቡ። እናቴ ሮጣ በቅሏቸው ፊት ቆመች።

«አያ በላይ፣ እንዴት ሆነ?»

«ምን ይሆናል እቴ፣ ውኃው ነው የጎዳው» አሉ ጭነቱን እየፈቱ። «ነፍሱም ወጣች። ቆሜ እያየሁ ነው የወጣችው።»

እናቴ ነጠላዋን ጥላ ጮኸች። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ፣ መቀነት ጠበቀ፣ ደረት ተደቃ። እኔ ሞት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ የፈራሁት የእናቴን ፊት ነው። አያ በላይ ገመዱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«ሬሳውስ?» አሏቸው እማማ ጥሩ።

«የምን ሬሳ? ቀፎው እንደሆነ በመሐረብ ቋጥሮ ይዞታል።»

«ማን ነው የያዘው?»

«ባሏ ነዋ። ሰዓት ሠሪው ነፍሱን አውጥቶ በቤንዚን እያጠበለት ነው። መልሶ እስኪከታት እቆያለሁ በልልኝ ብሎኛል።»

ለካ የሞጣው ሰዓት ሠሪ፣ ከሰዓት ሆድ ውስጥ የምትወዛወዘዋን ክብ ብረት «ነፍስ» ነው የሚላት። አያ በላይም ይህችን አዲስ ቃል ይዘው ነበር በኩራት የመጡ።

«አንቱ ሰው፣ ይኼ ግቢ ቅኔ ቤት መሰለዎት?» አሉ እማማ ጥሩ። «ወርቁን ደብቀው በሰሙ ሊገድሉን ነበር እኮ።»

ሴቶቹ እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። አባቴ ሲመጣ በደስታ ሰዓቱን ጆሮዋ ላይ ቢያስጠጋላት «የሰዓቱን ማን ጠየቀህ» ብላ እጁን ያዘች፤ ያዘችና ቶሎ አልለቀቀችውም።

አሁን እናቴ ያን ጊዜ ከነበራት ዕድሜ አልፌያለሁ። ልጄ ሞጣ ነው ያለው፣ ያስተምራል። ስልኩ ካልሠራ ሰነበተ፤ መንገዱም አንድ ቀን ተከፈተ ሲሉ በማግስቱ ተዘጋ ነው። ከዚያ ወገን መጣ ያሉኝን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ «አላየነውም» ይሉኝና ዓይናቸውን ይሰብራሉ። እናቴ በተሳሳተ ወሬ አለቀሰች፣ ወሬውን ያመጣው ሰው እዚያው ቆሞ አረመላት። እኔ ግን ተሳስቶ እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ። ሞጣ የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር፣ ከማንም አፍ ይሁን፣ ከተቀመጥሁበት እነሣለሁ።