ሸፋጡ ውስጥ የተወተፈው ሻሽ

ሻጋታ የሚወጣው ሰነፍ ቤት ነው የሚል ሰው ውሸቱን ነው። ሪያድ፣ መላዝ ሰፈር፣ የፎቅ ዘበኛ ሆኜ ስሠራ ያየሁትን እጽፋለሁ። የእጅ ጽሕፈቴ አያምርም፣ ግን ይነበባል።

ሁለተኛ ፎቅ አንዲት የወሎ ልጅ የቤት ሠራተኛ ነበረች። የምትታጠብበት ሻወር፣ ግድግዳና ወለሉ የሚገናኙበትን ስንጥቅ የሚደፍነው ሲሊኮን ሻግቶ ጠቆረ። አሠሪዋ መዳም ሽታው ሳሎን ደረሰ ብላ በረኪና ሰጠቻት። ልጅቱ ፈተገች፣ እጇ ተላጠ፣ ጥቁሩ ግን አልለቅ አለ። መዳሟም ይህች ቆሻሻ ናት፣ ላመጣት ቢሮ እመልሳታለሁ አለች። የተመለሰች ሴት ዕጣዋ ይታወቃል፤ ወይ የባሰ ቤት፣ ወይ ተርሂል የሚሉት የመባረሪያ እስር ቤት፣ ከዚያም ባዶ እጇን ወደ አገር።

እኔ ተጠራሁ። ጥጥ በረኪና ነክሬ ጥቁሩ ላይ ለጥፌ አሳደርኩት። ላዩ ነጣ፣ ውስጡን ግን በልቶታል። አሮጌውን በቢላ ቆርጬ አወጣሁና ቦታው ደህና አድርጎ ሲደርቅ አዲስ ሞላሁበት። ታጥበሽ ስትጨርሺ በጨርቅ አድርቂው፣ ሸፋጡንም አታጥፊ አልኳት። ሸፋጥ የሚሉት እርጥቡን አየር በፎቁ መሃል ወዳለው ክፍት ቦታ የሚያስወጣውን ማራገቢያ ነው። እሺ አባባ አለችኝ።

ብዙ ሳይቆይ ያው ተመልሶ ጠቆረ። መዳሟ ሻንጣሽን አዘጋጂ አለቻት። እኔም ደሜ ፈላ። መሰላል ይዤ ወጥቼ ሸፋጡን ብፈታው በሻሽ ተወትፏል። በገዛ ሻሿ።

"አንቺ ልጅ፣ መባረር አማረሽ?"

አንገቷን ደፋች። "አባባ፣ ወላሂ ከማዶ መስኮት ሰው ይቆማል። በሸፋጡ ቀዳዳ የሲጋራው እሳት ይታየኛል። ስታጠብ ሲስቅ እሰማዋለሁ። ከሱስ ሻጋታው ይሻለኛል" አለችኝ።

የማዶው መስኮት የመዳሟ ሾፌር ክፍል ነው። የአገራችን ሰው፣ ደረጃ ላይ ሲያገኛት እህቴ የሚላት። ለመዳምሽ ለምን አልነገርሽም አላልኳትም። ብትናገር ጣቱ ወደማን እንደሚዞር አውቃለሁ።

ሾፌሩ የመዳሟን ልጆች ትምህርት ቤት ሊያደርስ ሲወጣ በዘበኛ ቁልፌ ክፍሉ ገባሁ። መስኮቱን በጣውላ ሸፍኜ በብሎን ጠረቀምኩት። ሲመለስ እየሮጠ መጣ።

"ጋሼ፣ ምን አደረግኩዎት? አየር አጣሁ እኮ፣ ክፍሌ ሊሻግት ነው።"

"ይሻግት። ያላ፣ ሂድና ለፎቁ ባለቤት ክሰሰኝ። ለምን እንደዘጋሁት ደግሞ እኔ እነግረዋለሁ።"

አልከሰሰም።

ሲሊኮኑን እንደገና ቀየርኩ። ሸፋጡ ሲዞር ዋለ፣ ነጩም ነጭ እንደሆነ ቀረ። መዳሟ ያዳነው የኔ በረኪና ነው እያለች ለጎረቤት አወራች። ታውራ። ልጅቱ ኮንትራቷን እዚያው ጨርሳ በሰላም አገሯ ገባች።

ሾፌሩ አንድ ቀን ግድግዳዬ ጠቆረ፣ በረኪና ይስጡኝ ብሎ መጣ። የለኝም አልኩት። ከኋላዬ ሙሉ ጀሪካን ተቀምጧል፣ እሱም እያየው ነው።