ሳክሲ የነበረው ቅጂ

ዛሬ ጠዋት ዳላስ አጠገብ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ባለው ቢሯችን አዲሷ የሥራ ባልደረባዬ ወንበሯን እየገፋች ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ፕሮጀክታችን ውስጥ በስህተት ያስገባችውን ትልቅ ቪዲዮ አጥፍታዋለች፤ ፎልደሩ ግን እንደ ድሮው ከባድ ነው። ያጠፋሁት ነገር እንዴት አሁንም ቦታ ይይዛል ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ተራ ነው፤ ለስንቱ አዲስ ሰው መልሼዋለሁ። ዛሬ ግን እየመለስኩላት እግሬ ጠረጴዛው ሥር አላርፍ አለኝ። ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ፣ ሳልጠጣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። ምክንያቱን ለእሷ አልነገርኳትም፤ እዚህ ልናገረው።

ከዓመታት በፊት ነው፤ ያኔ እዚሁ ቴክሳስ፣ አርሊንግተን የምማር፣ መኪና የሌለኝ ልጅ ነበርኩ። አርሊንግተን መኪና የሌለው ሰው የሌላውን ደግነት እየጠበቀ ነው የሚኖረው። እሑድ እሑድ ወደ አማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን የምትወስደኝ እህት ዘነበች ነበረች፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ጥርሷ ፍንጭት የሆነ፣ ራሷ ሳትስቅ ሰው የምታስቅ ሴት። በዕድሜ ብዙ ብትበልጠኝም እኛ ቤተ ክርስቲያን ሁሉም እህትና ወንድም ስለሆነ አንቺ እላት ነበር። መኪናዋ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም። ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር አንድ እፍኝ ትዘግንና ግማሹን ለእኔ ትሰጠኛለች።

የቤተ ክርስቲያኑን ዌብሳይት የሚይዘው ወንድም ዳዊት ነበር። ሳክሲ የሚኖር፣ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሾፌር፤ ኮምፒውተሩን ለብቻው ታግሎ የተማረ። እኔ አማርኛውን እተይባለሁ፣ እሱ ይለጥፋል። የሚለጥፈውን ግን አያነብም፤ ጊዜም የለው። ሥራችንን የምናስቀምጠው ጊት በሚባለው ፕሮግራም ነው። ጊት አንድ ሥራ በየጊዜው እንዴት እንደነበረ እየያዘ የሚሄድ ነገር ነው፤ ብታበላሽ ወደ ትናንቱ ትመለሳለህ። ዌብሳይቱ ላይ በብዛት የሚነበበው የምእመናን ምስክርነት ነበር። ስም ሳይጠቀስ፣ «አንዲት እህት» እየተባለ ይወጣል።

ዘነበችም የራሷን ሰጠች። መኪና ውስጥ ነገረችኝ፣ እኔ ጻፍኩት። ገና ትምህርት ቤት ሳለች ወልዳለች። ልጁን ለታላቅ እህቷ ሰጥታ ቤይሩት ለሥራ ሄደች፤ እህቷም እንደ ራሷ ልጅ አሳደገችው። ልጁ ዘነበችን አክስቴ ነው የሚላት። ስሙ ናትናኤል ነው። ስሙን፣ የእህቷን ስም፣ ሰፈሩን ሁሉ እንደነገረችኝ ጽፌ ጊት ውስጥ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ደውላ ስሞቹ ይሰረዙ አለችኝ፣ ሰረዝኳቸው። ሰው ያነበበው ስም የሌለውን ነው። ኋላ ናትናኤል የተማሪ ቪዛ ሲያገኝ ዘነበች ፈራች፤ ዳዊት ጋ ደውላ ምስክርነቴን ከናካቴው አጥፋልኝ አለችው። አጠፋው። «ጠፍቷል እህቴ፣ ተባረኪ» አላት። እሷም አረፈች።

ልጁ ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከአምልኮ በኋላ ዳዊት ማይኩን ይዞ ብሥራት አለኝ አለ። የእህት ዘነበች የእህት ልጅ ኮምፒውተር የተማረ ስለሆነ ዌብሳይቱን ሊረዳን ነው፤ እንደመጣ የሥራውን ሙሉ ቅጂ እሰጠዋለሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ዘነበችም አጨበጨበች። እኔ ብቻ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

ምክንያቱም ዳዊት ያላወቀውን ነገር በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ጊት ፋይል ስታጠፋ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ፋይል የለም» ብሎ ይይዛል እንጂ የትናንቱን አይነካም። እያንዳንዱን ጽሑፍ አጭቆ፣ ከይዘቱ የተሰላ ስም ሰጥቶ፣ የተደበቀች ፎልደር ውስጥ ያኖረዋል። ሲበዛበት ደግሞ አንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል። የሚመሳሰሉትን ጎን ለጎን ያደርግና አንዱን ሙሉውን ይጽፋል፤ ከሌሎቹ የሚይዘው ከእሱ የሚለዩበትን ብቻ ነው። ቦታ የሚቆጥበው እንዲህ ነው። ብልሃቱን የተማርኩ ዕለት በጣም ነበር የወደድኩት። አሁን ግን የማስበው ሌላ ነው፦ የዘነበች ሁለቱ ጽሑፎች የሚለዩት በስሞቹ ነው፤ ስለዚህ ጊት ለይቶ ያስቀመጠው በትክክል እሷ የደበቀችውን ነው።

ወደ ቤት ስትመልሰኝ መኪና ውስጥ ነገርኳት። ቆሎው እጇ ላይ ቀረ።

«ሶ ጠፍቷል ያለኝ ውሸቱን ነው?»

«ውሸቱን አይደለም፤ እሱም የጠፋ ነው የሚመስለው።»

«ማለቴ፣ ልጁ ሊያገኘው ይችላል?»

ኮምፒውተር የተማረ ልጅ አዲስ ሥራ ሲረከብ መጀመሪያ የሚያየው የድሮውን ነው አልኳት። መኪናውን ዳር አስይዛ ፓርክ አደረገችና መሪውን እንደያዘች ቀረች።

«ከስክሪን ላይ እንዲያውቅ አልፈልግም» አለችኝ። «እኔ ራሴ ነኝ የምነግረው። አጥፊልኝና ጊዜ ስጪኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ ትምህርቴን ትቼ በዚህ ተጠመድኩ። ምስክርነቱ ከገባበት ቀን ጀምሮ ታሪኩን በሙሉ እንደ አዲስ ማስጻፍ ነበረብኝ። እያንዳንዱ እርምጃ የቀደመውን ስም ስለሚይዝ አንዱን ስትነካ ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይለወጣል። ያም ሆኖ አሮጌው ወዲያው አይሄድም። ሰው ሊጸጸት ይችላል ተብሎ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ጥቂት ይቆያል፤ አሁኑኑ ጥረገው ብለህ ካላዘዝከው። የራሴን ኮምፒውተርና ቤተ ክርስቲያኑ የተከራየውን ሰርቨር ጠረግሁ። የቀረው ዳዊት ላፕቶፕ ላይ ያለው ቅጂ ነበር። በጊት እያንዳንዱ ቅጂ ሙሉ ቅጂ ነው፤ ለናትናኤል የሚሰጠውም ያው የዳዊቱ ነው። ለዳዊት ደውዬ የመዘምራኑ የተቀረጹ መዝሙሮች እየተደራረቡ ሥራው ከብዷል፣ አዲሱ ልጅ ሳይረከብ ላቅልለው አልኩት። ይህ ራሱ እውነት ነበር።

ቅዳሜ ዘነበች መጥታ ሳክሲ፣ ዳዊት ቤት ወሰደችኝ። ናትናኤል በዚያው ቀን ማታ ነው የሚገባው። ሠላሳ ቁጥር ሀይዌይን ይዘን በዳላስ አልፈን ጋርላንድ እስክንደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ነፋሱ መኪናዋን ወደ ጎን ይገፋት ነበር፤ የቴክሳስ ጸደይ እንደሚያደርገው። ዘነበች ሰዓቷን ታያለች፣ መስመር ትቀይራለች፣ መልሳ ትቀይራለች። ለልጁ እንዴት እንደምትነግረው እየተለማመደች እንደሆነ ከንፈሯ ያስታውቃል። እኔ ያልሰማ መስዬ መንገዱን አየሁ።

የዳዊት ባለቤት ሽሮና ቲማቲም በቃሪያ አቅርባ ጠበቀችን። አንድ ጉርሻ ጎረስኩ። ያን ጊዜ በረዶ መውረድ ጀመረ። ዳዊት መተዳደሪያው መኪናው ናትና ከነባለቤቱ ወደ ጋራዥ ሊያስገቧት ሮጡ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እኔና ዘነበች ከላፕቶፑ ጋር ቀረን።

ሳታጠፊው ላየው አለችኝ። የሁለቱን ጽሑፎች ልዩነት አወጣሁላት። አብዛኛው ያው ስለሆነ አይታይም፤ በቀይ የወጣችው የተሰረዘችው መስመር ናት። ልጄ ናትናኤል ይላል። ዘነበች ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቆየች። ያንን ስም «ልጄ» ከሚለው ጋር ተጽፎ ያየችው እዚያ ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እንባዬ መጣ።

«ይሄ ከጠፋ ሌላ የትም የለም?»

«የትም የለም።»

«አጥፊው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አጠፋሁት። ዳዊት ርሶ ሲመለስ ስንት ቀነሰ አለኝ። የመዘምራኑን ድርብርብ ስላወጣሁ ጥሩ ቀንሷል፤ ደስ አለው። የዘነበች ግን ከአንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ነበረው የያዘው።

ናትናኤል መጣ። ጨዋ፣ ሥራ ወዳድ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ቅጂውን ተረከበ፣ ምንም አላገኘም። ዘነበች በዚያ ሳምንት አልነገረችውም። ትምህርቱን ይጀምር አለችኝ፤ ፈተናውን ይጨርስ፤ ሥራ ይያዝ፤ ያግባ። እኔም መጠየቅ አፈርኩ፣ ቀስ በቀስም ተውኩት። እንድትናገር የሚገፋት ፍርሃቷ ነበር፤ ያንን ፍርሃት ደግሞ እኔ ወስጄላታለሁ። እሑድ እሑድ ከኋላቸው ተቀምጬ አክስቴ ሲላት እሰማለሁ። ሦስት ኮምፒውተር ሳጸዳ አራተኛው ቅጂ እኔ ዘንድ እንደቀረ አንዳችንም ልብ አላልንም ነበር። እኔን አሁኑኑ ጥረጊው ብሎ የሚያዘኝ የለም፤ ሌላው ኑሮዬ ተጨማምቆ ስንት ነገር ሲረሳኝ ያ አንድ ቀይ መስመር ሙሉውን አለ።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ናትናኤል ትንሿን ልጁን አቅፎ በሩ ላይ ያዘኝ። ልጅቱ ጥርስ አውጥታለች፤ ፍንጭቷ ያው የዘነበች ነው። እሱም አይቶታል።

«አንቺ ከድሮ ጀምሮ ታውቂያታለሽ» አለኝ። «አክስቴ ወልዳ ታውቃለች?»

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ራሷን ጠይቃት፤ ዛሬውኑ ጠይቃት» የሚል ነው። ረጅም ጊዜ አየኝ። ዛሬውኑ ማለቴ መልሱ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው እኔም ያወቅሁት። ልጅቱን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛወረና ዘነበች ወደ ቆመችበት ፓርኪንግ ሄደ። ሞተር አስነስታ ልትወጣ ነበር። ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አንድ ነገር አላት፤ እሷም ሞተሩን አጠፋች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከሁለቱም የደወለልኝ የለም፤ እኔም አልደወልኩም። ለባልደረባዬ ቪዲዮውን እንዴት ከሥሩ እንደምታወጣው አሳይቻት፣ ስልኬን ይዤ እንደገና ተነሳሁ።