ቅል ሰፊዋ ድርቤና የእኔ ዳሽቦርድ

ነቀምት ውስጥ የእኔን መኪና በዓይኑ የማያውቃት ቢኖር በጆሮው ያውቃታል። ዲኤክስ ናት፤ ዕድሜዋ ከበኩር ልጄ ይበልጣል። ሞተሯን ምንም እንዳትሉብኝ፣ ወርቅ ነው። ጣጣዋ ዳሽቦርዷ ነበር። ጎማዋ ጠጠር በረገጠ ቁጥር ከመሪው እስከ ቀኝ በሩ ድረስ ይንቋቋል፣ የፍጥነትና የነዳጅ ጌጁም መብራት ድርግም ይላል። ያኔ ቡጢዬን እሰነዝራለሁ። ድም! መብራቱ ይመጣል፣ ጩኸቱም ለትንሽ ጊዜ ይታገሣል። ደንበኞቼ ለምደውታል። ከጉቶ ጊዳ ወደ ገበያ የማመጣቸው እናቶች ሳይቀሩ "ኦቦ እሸቱ፣ ምታው እንጂ!" ይሉኛል። አንዳንዱማ እኔን ሳያስፈቅድ ራሱ ይመታዋል።

ግን ይህ የእኔ ታሪክ አይደለም፣ የድርቤ ነው። እኔ አፌ አላርፍ ስላለኝ ነው የምነግራችሁ።

ድርቤን ጨለለቂ ሰፈር፣ ከጋሩማ ጋራዥ በር ውጭ ግንቡን ተደግፋ ታገኟታላችሁ። ታገኟት ነበር ማለቴ ነው። ሃምሳን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት፤ ንግግሯ ቁጥብ ነው፣ እጇ ግን ሥራ ፈቶ አያውቅም። ከእናቷ የተማረችው ቅል መስፋት ነው። የተሰነጠቀ የወተት ቅል ስትሰጧት የስንጥቁን ግራና ቀኝ በወስፌ በስታ፣ በጅማት ሰፍታ፣ ጠብ የማይል አድርጋ ትመልስላችኋለች። ኋላ ጀሪካን መጣና ቅሉን ከየቤቱ አባረረው። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አጣጥፎ ያማርር ነበር። እሷ ጀሪካኑን መስፋት ጀመረች! ወስፌዋን ከሰል ላይ ታግላለች፣ ፕላስቲኩን ትበሳለች፣ በጅማት ፋንታ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ትሰፋለች፣ በላዩ አሮጌ ፕላስቲክ አቅልጣ ትለብጠዋለች። ከጀሪካን ወደ ሳፋ፣ ከሳፋ ወደ ፓራውልት፣ ወደ መኪና ግጭት መከላከያ ማለቴ ነው፣ ተሸጋገረች። የጋሩማ መካኒኮች የተሰበረ ፓራውልት ሲገጥማቸው በሩ ድረስ ወጥተው ይሰጧታል፤ ሲያልቅ ወስደው ይገጥሙታል። እሷን ግን ግቢ የሚል የለም።

ጠላቷ ዝናብ ነበር። የወለጋን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ግንቦት ላይ ከያዘ እስከ መስከረም አይለቅም። ከሰሉ ይጠፋባታል፣ ፕላስቲኩም እርጥበት ካገኘው አይያያዝም። ስለዚህ ድርቤ በዓመት አምስት ወር ሥራ ፈታ ትቀመጣለች። የምትፈልገው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጋራዡ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ አሮጌ ጎማ የተከመረበት ጥግ። አንዲት ምንጣፍ የምታህል ቦታ! ሦስት ዓመት ለመነችው። ሦስት ዓመት ጋሩማ "ይሄ ጋራዥ ነው፣ የቅል ገበያ አይደለም" እያለ መለሳት።

ጋሩማ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግትር ነው። በዚያ ላይ አስር ቁጥር መፍቻው ከጠፋበት ወዲህ ጠባዩ ተበላሽቷል። "ሌባ አለ!" እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ በበሩ የሚያልፈውን ሁሉ ፈተሸ። አንድ ቀን ሰው ሁሉ እያየ የድርቤን የከሰል ማዳበሪያ መሬት ላይ ዘረገፈው። ከከሰል በቀር ምንም አልነበረበትም። እሷ ተንበርክካ ከሰሏን አንድ በአንድ ለቀመች። እኔ ቆሜ እያየሁ ነበር። ተናደድኩ፣ ግን ዝም አልኩ። መኪናዬ እሱ ጋ ተፈታ ነበረቻ! ያቺ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ባለፈው ሚያዝያ መጨረሻ ዳሽቦርዱ ጭራሽ ለየለት። ሚዜዎች ጭኜ ጎረቤት ከተማ ሲሬ ስሄድ ቀኝ ጎኑ ተገንጥሎ የአንደኛው ሚዜ ጉልበት ላይ ቁጭ አለ። ሰውዬው በዚያ በሚያምር ሱፉ እስከ ሲሬ ድረስ ዳሽቦርድ ታቅፎ ሄደ። ሲወርድ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም።

በማግስቱ ጋሩማ ጋ ገባሁ። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ፈትቶታል፤ ሦስቴም ሲገጥመው ብሎን ተርፎታል። የሚፈታውን ብሎን ሁሉ አንድ ጣሳ ውስጥ ይጨምረዋል፤ ሲገጥም የየትኛው ቀዳዳ እንደሆነ ማን ያውቃል? የተረፈውን "መጀመሪያውኑም አያስፈልግም ነበር" ይላል። አሁን ግን ጎንበስ ብሎ አየውና "ይሄ አልቆለታል። መኪናዋን ሽጣት፣ እሸቱ" አለኝ።

ደሜ ፈላ። "አንተ ካቃተህ አዴ ድርቤ ትሠራዋለች!" አልኩት።

መካኒኮቹ በሳቅ ፈረሱ። ጋሩማ ግን አልሳቀም። ወደ በሩ ዞሮ ጠራት።

"አዴ ድርቤ፣ ያቺን ጥግ ትፈልጊያለሽ አይደል? ይሄን ዳሽቦርድ አውርደሽ፣ ጠግነሽ፣ መልሰሽ ግጠሚ። እኔው ራሴ ተሳፍሬ ሲሬ ደርሰን እንመለሳለን። ዝም ካለ ጥጉ ያንቺ ነው። ከጮኸ ግን ከበሩም ትነሺልኛለሽ።"

"ኧረ ጋሩማ፣ ፈጣሪን ፍራ!" አልኩ። የእኔ አፍ የሴትዮዋን እንጀራ ገደል አፋፍ ላይ አቆመው። ድርቤ ጎማ የተከመረበትን ጥግ አየች፤ ቀና ብላ ደግሞ ሰማዩን አየች። ከሰዓት ከሰዓት መዳመን ጀምሮ ነበር።

"ጋሪዳ" አለች። መልካም ነው ማለቷ ነው።

በነጋታው ሰፌድ ይዛ መጣች። አዎ፣ ጤፍ የሚነፈስበት ሰፌድ! "አዴ ድርቤ፣ ጤፍ አለብሽ እንዴ?" እያሉ መካኒኮቹ ተሳሳቁ። እሷ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ አስነቀለችኝ። ከዚያ ሰፌዱ ላይ በከሰል የዳሽቦርዱን ቅርጽ ሣለች፤ መሪው እዚህ፣ መሳቢያው እዚያ። አንድ ብሎን በፈታች ቁጥር ከመኪናው ላይ በወጣበት ቦታ ልክ ሰፌዱ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሶኬት ስትነቅል ደግሞ ሁለቱን ጫፍ በአንድ ዓይነት ክር ታስራለች፤ ቀይ ከቀይ፣ ቢጫ ከቢጫ፣ አረንጓዴ ከአረንጓዴ። እኩለ ቀን ሲሆን እኔና እሷ ዳሽቦርዱን እንደ በሽተኛ በሁለት በኩል ይዘን አወጣነው፤ ገልብጠንም አስተኛነው።

ከሥሩ ብረቱን የሚይዙ አምስት ጆሮዎች አሉት። ሦስቱ ተሰብረዋል።

"ኦቦ እሸቱ፣ እጅህን አምጣ" አለችኝ። ቡጢዬን አስጨብጣ ከላይ የተሰነጠቀው ቦታ ላይ አሳረፈችው። ልክክ አለ!

"መንገዱን ስትራገም ሰምቼሃለሁ" አለች። "አንደኛውን ጆሮ የሰበረው ግን መንገዱ አይደለም፣ አንተ ነህ። ሁለቱን የሰበረው ደግሞ ያለቦታው የገባ ብሎን ነው። አጥብቀው አሰሩት። ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ይሰፋል፣ ሲበርደው ይሰበሰባል። መላወሻ ካጣ ይሰነጠቃል። ቅልም እንደዚሁ ነው።"

አሥራ አንድ ዓመት ስደበድባት የኖርኩት እኔው ነኝ።

"ከእንግዲህ እንዳትመታት። ቃል ግባልኝ።"

"በማርያም!" አልኩ።

ሁለት ቀን ሠራች። መጀመሪያ የእያንዳንዱ ስንጥቅ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በሳች፤ ስንጥቁ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ አይሄድም። ቀጥላ ወስፌዋን እያጋለች ግራና ቀኙን በሳች፣ በመዳብ ሽቦ ሰፋች፣ በላዩ ፕላስቲክ አቅልጣ ለበጠች። በመጨረሻ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቀጫጭን ቁራጭ ቆርጣ ፕላስቲኩና ብረቱ በሚነካኩበት ሁሉ አስገባች። ሁለቱንም ቀን ከሰዓት አካፍቶ ነበር፤ እኔ ከሰሏ ላይ ሸራ ወጥሬ ቆሜ ዋልኩ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ለሆነ ነገር ጠቀምኩ።

በሦስተኛው ቀን ገጠመችው። ክሩ ከክሩ ጋር ተገናኘ፣ ብሎኑም ከየቦታው እየተነሳ ወደየቤቱ ገባ። ስትጨርስ ሰፌዱን አንስታ ግንቡ ላይ አቆመችው። ባዶ! አንድ ብሎን አልተረፈም። ሲስቁ የነበሩት መካኒኮች አንድ በአንድ እየመጡ ባዶውን ሰፌድ አዩ። የሚስቅ ጠፋ። ጋሩማም አየና "ገና ሲሬን አላየም" ብሎ ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጠ። ድርቤ ከኋላ ገባች።

ወጣን። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጸጥ፣ ሁለተኛውም ጸጥ! የጌጁ መብራት ፍንክች አላለም። ጋሩማ ጆሮውን ዳሽቦርዱ ላይ ሊለጥፍ ምንም አልቀረው። እኔ እንኳን ሆን ብዬ ጉድጓድ መፈለግ ጀመርኩ። ሲሬ መናኸሪያው ጋ ዞርን። ያቺን የማውቃትን መኪና ድምፅ አጥታ ስትሄድ ሳያት እንባዬ መጣ፤ ይሄን ለማንም አትንገሩ።

ስንመለስ፣ አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቁልቁለት ላይ፣ ከፊት በኩል "ቅጭል! ቅጭል! ቅጭል!" አለ።

"አለቀ!" አለ ጋሩማ፣ ጉልበቱን መትቶ።

እጄ ታዲያ ልማዷ ነውና ቡጢዬ ተነሳች። ሳታርፍ ግን ከኋላ አንድ ደረቅ እጅ አንጓዬን ለቀም አደረገው።

"ኦቦ እሸቱ! ቃል!"

ዳር ይዤ አቆምኩ።

"ጋሩማ፣ ውረድ" አለች ድርቤ። በሕይወቷ እንዲህ ስታዘው የመጀመሪያዋ ነው፤ ደንግጦ ነው መሰለኝ ወረደ። "ፕላስቲክ እንዲህ አይጮኽም። ይሄ ብረት ነው።" ተንበርክካ እጇን እሱ ከተቀመጠበት ወንበር ሥር ሰደደች፤ እስከ ክርኗ ገባ። ትንሽ ታገለችና አቧራና ቅባት የተለደፈበት ነገር ጎትታ አወጣች። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ጫፉ ላይ ጋሩማ ዕቃውን ሁሉ የሚቀባው ቀይ ቀለም ታየ።

አስር ቁጥር መፍቻው!

ከሁለት ዓመት በፊት ይሄንኑ ዳሽቦርድ ሲፈታ የጣለው እሱው ራሱ ነው፤ ከተወሸቀበት የነቀነቀው ቁልቁለቱ ነው። ዳሽቦርዱ ሲጮህ ከርሞ የመፍቻዋን ድምፅ ማን ይስማው? ድርቤ ዝም ስላሰኘችው ነው የተሰማው።

እሷ መፍቻውን ለጋሩማ ዘረጋችለት። "ያንተ መሆኑን ፈትሽ" አለችው።

ኧረ እኔስ አላስቻለኝም! "ያ ዋቃ!" ብዬ ጮህኩ፤ አምላኬ ሆይ ማለቴ ነው፤ ከመኪናው ወርጄ አስፋልቱ ዳር ዘለልኩ። በበቆሎ ማሳው መሃል የሚሄዱ ሰዎች ቆመው አዩኝ። ከዚያ እስከ ጨለለቂ ድረስ እንደ ሙሽራ አጃቢ ክላክስ እየነፋሁ ገባሁ። ዳሽቦርዴ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ጋራዡ ስንደርስ ጋሩማ ማንንም ሳያዝ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ከጥጉ አነሳ፣ መሬቱን ጠረገ። ከዚያ ከበሩ ውጭ ወጥቶ የድርቤን የከሰል ማዳበሪያ፣ ያንኑ የዘረገፈውን፣ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ አስገባው። ሸሚዙ ጠቆረ። መካኒኮቹ ሥራ አቁመው ያዩታል።

"መፍቻው እኔ ከተቀመጥኩበት ወንበር ሥር ተገኘ" አላቸው ጮክ ብሎ። "ሌባ የለም። አልነበረምም።" ወደ እሷ ዞረና "ዺፋማ፣ አዴ ድርቤ" አለ፤ ይቅርታ መጠየቁ ነው። እሷ በእሺታ ራሷን ነቅነቅ አደረገችና የከሰል ማንደጃዋን የት እንደምታስቀምጥ ታይ ጀመር።

አሁን ጋራዡ ውስጥ አምስት ሰፌድ ተሰቅሏል፤ ጋሩማ ራሱ ነው ከገበያ የገዛቸው። ብሎን የተረፈው መካኒክ ሲገኝ "ሂድና አዴ ድርቤን ጠይቅ" ይባላል። የእኔም እጅ ጉድጓድ ሲመጣ አሁንም ከመሪው ብድግ ትላለች፤ የምትመታው ስታጣ ጭንቅላቴን አክኬባት እመልሳታለሁ።

ግንቦት ስድስት ቀን ዋናው ዝናብ ወረደ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መነጋገር አልተቻለም፤ በበሩ በኩል፣ ድሮ እሷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ኩሬ ሆኖ ይታያል። ድርቤ ጥጓ ላይ ከሰሏን አፍማ፣ ፓራውልት ጭኗ ላይ አስተኝታ ነበር። ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየችው።

"ይዝነብ" አለችና ወስፌዋን ፍሙ ውስጥ ከተተች።