ንጹሑ ጣውላ

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ጀማል ካትሌሆንግ በሚባለው የከተማ ዳር ሰፈር ያለውን ስፓዛ፣ የአባታችንን ትንሽ ሱቅ፣ ለገዢው አስረክቦ ሲመለስ አንድ ጣውላ በጋዜጣ ጠቅልሎ እኔ ያለሁበት ቤሪያ ድረስ አመጣልኝ። ከሱቁ የኋላ መስኮት የተነቀለ ነው። ዝናብና በረዶ አጥቁሮታል፣ መካከሉ ተሰንጥቋል፣ አንድ የዛገ ሚስማር ማዕዘኑ ላይ ቀርቷል።

«ሲስ፣ ሰውዬው ሊጥለው ነበር። የተቧጨረ ነገር ሳይበት ያንቺ ይሆን እንዴ ብዬ ነው» አለኝ።

የኔ ነው። እጄን ሳሳርፍበት ጣቶቼ መስመሮቹን አወቋቸው። አሁን መጋረጃ በጅምላ የምሸጥ፣ ደረጃ ስወጣ የሚያለከልከኝ ሴት ነኝ። ያን ጊዜ ግን ጃፓን ልሄድ ነበር።

ትምህርት ቤት በጨረስኩበት ዓመት፣ መሃል ከተማ ባለ አሮጌ ፎቅ ውስጥ፣ ሃሩኮ የምትባል ጃፓናዊት በእንጨት ቀርጾ ማተምን ታስተምር ነበር። ማሽን የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም በእጅ ነው። በስስ ወረቀት ላይ የተሳለው ስዕል በሩዝ ሙጫ ጣውላው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ይለጠፋል፤ ከዚያ በቢላና በመሮ መስመሩን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መፋቅ ነው። ወረቀቱም ከእንጨቱ ጋር አብሮ ይፋቃል። ቀርጸው ሲጨርሱ ስዕል የሚባል አይኖርም፤ የሚቀረው ጣውላው ብቻ ነው። ይህ መጀመሪያ ሲነገረኝ ጭካኔ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ከስልጤ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ግማሽ ዕድሜውን ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና ሳሙና ሲያቀብል የኖረ። ለሙጫዬ ከሱቁ ሩዝ ስዘግን ባየ ቁጥር ይስቅብኛል።

«ሰው የሚበላውን ለእንጨት ታበያለሽ? ደግሞስ እንጨት ለመፋቅ ጃፓን ድረስ! ለሱማ ወራቤም ይበቃሽ ነበር።»

ይስቃል እንጂ አልከለከለኝም። የሱቁ ሥራ እንዳያስቀረኝ፣ ወደ ከተማ በምሄድበት ቀን ጀማልን ከጎኑ አቁሞ ይሸጥ ነበር።

ሃሩኮ ወደ አገሯ ስትመለስ ከተማሪዎቿ አንዱን ወስዳ የራሷ መምህር ዘንድ ልታስገባ ቃል ገብታ ነበር። የምትጠይቀው ከስዕሉ እስከ ህትመቱ በገዛ እጅ ያለቀ አንድ ሥራ ነው። ለዚሁ ለእያንዳንዳችን ሁለት የቼሪ ጣውላ ሰጠችን፤ አንዱ ለመስመር፣ አንዱ ለቀለም። እኔ አባቴን ሳልኩት፤ ከፍርግርጉ ጀርባ ቆቡን አድርጎ ዳቦ ሲያቀብል። አላሳየሁትም። ታትሞ ሲያልቅ ላስደንቀው ነበር ሐሳቤ።

የዚህ አገር ክረምት ዝናብ አያውቅም። ደረቅ ብርድ ነው፤ ሣሩ ይነጣል፣ ሰፈሩ በሙሉ የድንጋይ ከሰል ጭስ ይሸታል። ያን ክረምት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍላችን የዘይት ካርቶን ላይ ተቀምጬ ቀረጽኩ። ጣቶቼ ሲደነዝዙ ከማዶ ካለችው ሴትዮ ትኩስ ማጉዊንያ ገዝቼ፣ በዘይት የተጠበሰውን ሊጥ መጀመሪያ እሞቀዋለሁ፣ ከዚያ እበላዋለሁ። የአባቴን ጢም ስቀርጽማ መተንፈስም እፈራ ነበር። አንዲት ፀጉር ብትሰበር ተመልሳ አትበቅልም።

የመስመሩ ጣውላ ባለቀ ማግስት ለመጀመሪያው ህትመት ወረቀት ላዘጋጅ ከተማ ሄድኩ፤ ወረቀቱ ቀደም ብሎ ርሶ ማደር አለበት። እዚያ ሳለሁ አባቴ ደወለ።

«ሰሚራ፣ እንዳትመጪ! ቤሪያ አክስትሽ ጋ እደሪ። የመጤውን ሱቅ ሁሉ እየዘረፉ ነው አሉ።»

ጎጎ የምንላት አሮጊት ደንበኛችን ናት እየሮጠች መጥታ «ባባ፣ ቫላ!» ያለችው፤ ዝጋ ማለቷ ነው። ግርግሩ እስኪበርድ ስልኬን ታቅፌ ቤሪያ ተቀመጥኩ። የፈራሁት ለሱ ነበር፤ ጣውላው ትዝም አላለኝ።

ስመለስ አባቴን በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዘራፊዎቹ በሌላ መንገድ አልፈው አንድ ሳሙና እንኳ አልተነካም። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ከዚያ ወደ ክፍላችን ስገባ ጨለማ ሆነብኝ፤ የኋላው መስኮት ተደፍኗል። በውጭ ዞሬ አየሁት። የበር ቁራጭ፣ የሣጥን ክዳን፣ ከመሃላቸው የኔ ጣውላ፣ የተቀረጸው ፊቱ ወደ ውጭ።

«አባ፣ ምን አደረግክ?»

«እንዴ፣ አትደንግጪ!» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ሁለተኛውን ጣውላ በፎጣ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። «ወላሂ አልነካሁብሽም። የመታሁት ያንን የተቧጨረውን፣ የተበላሸውን ነው። ንጹሑን አስቀመጥኩልሽ።»

በአራቱም ማዕዘን ሚስማር ገብቶበታል፤ ወረቀቱ የሚያርፍበትን ምልክት የቀረጽኩት ማዕዘኑ ላይ ነበር፤ ያለሱ መስመሩና ቀለሙ አይገጥሙም። አንዱ ሚስማር ደግሞ መሃሉን መትቶ አባቴን ከግንባሩ እስከ ዳቦው ሰንጥቆታል። ልንቀለው ስል «ተይው፣ ይመለሱ ይሆናል» አለኝ። ፊትህ ነው አላልኩትም። ደስ ብሎት ነበራ! ፎጣውን ተቀበልኩና «እሺ» አልኩ።

ሃሩኮ ስነግራት «እንደገና ቅረጺ እንዳልልሽ ጊዜው የለም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሻንጣዋ ታስሮ ነበር። አንዲት የደርባን ልጅ ይዛ ሄደች።

በሌባ የተጎዳ ሌባውን ይረግማል። እኔን ማን ዘረፈኝ? ያጎደለኝ የሚወደኝ ሰው ነው፣ ያውም ሊጠብቅልኝ ብሎ። እንዲህ ያለውን ቂም ሰው የት ይጥለዋል? ምሬቱ ከምራቄ ጋር አብሮ ኖረ። አባቴ እስኪሞት ድረስ አልፎ አልፎ ይጠይቀኝ ነበር።

«ያቺን ንጹሕ ጣውላ ምን ሠራሽባት?»

«አለች፣ አባ።»

ጀማል ከሄደ በኋላ ከቁምሳጥኑ ፎጣውን አውጥቼ ፈታሁት፤ ሁለቱን ጣውላዎች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በአንዱ ላይ የአባቴ ጢም ግማሹ አሁንም በጣት ይዳሰሳል። ሁለተኛው ለስላሳ ነው። አንድ መሮ አላረፈበትም፤ አባቴ እንዳስቀመጠልኝ ዛሬም ንጹሕ ነው።